ነጭ መስሎ የተሰቀለው ከረጢት

ኅዳር 3 ቀን

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፤

መግቢያሽንም መውጫሽንም የሚያውቅ አምላክ ከክፉ ዓይን ይሰውርሽ፤ በሰው አገር ሰው አይንሳሽ። እኔ ጤናዬ እንደ ዕድሜዬ ነው። ጉልበቴ ደረጃ ሲያይ ያኮርፋል እንጂ ሌላው ተመስገን ነው።

በስልክ ስትጠይቂኝ "ደህና ናት" ብቻ ስለምልሽ ተቀይመሽ "እንግዲያው ይጻፉልኝ" ብለሻል። እውነትሽን ነው። ስልክ ጆሮዬ ላይ ሲሆን ምላሴ ይታሰራል። ብዕር ስይዝ ግን፣ ስድስተኛ ክፍል ላይ ያቆምኩ ብሆንም፣ ነገሩ አንድ በአንድ እየተመዘዘ ይወጣል።

እናትሽ ከሁለተኛው ቀዶ ሕክምና ወዲህ በአፏ ምንም አትቀምስም። አንጀቷ ላይ የተሰፋው እስኪጠግግ ድረስ ውኃም ከልክለዋታል፤ ከንፈሯን በእርጥብ ጥጥ ነው የማብስላት። ሐኪሙ "ከዛሬ ጀምሮ በደም ሥሯ እንመግባታለን" ሲለኝ ያው የምናውቀው ግሉኮስ መስሎኝ ነበር። ከሰዓት በኋላ ግን ነርሷ ወተት የመሰለ ነገር የሞላበት ትልቅ ከረጢት ይዛ መጥታ ሰቀለች። በእናትሽ ደረት ላይ በገባው ቀጭን ቱቦ ይወርድ ጀመር። ደነገጥኩ። "ሲስተር፣ ወተት ደም ውስጥ?" ብላት፣ ወተት እንዳልሆነ፣ ዘይት እንዳለበት ነግራኝ ወደ ሌላው አልጋ በረረች። ይቺ ነርስ አንድ ቦታ ቆማ ስለማትታይ ሕሙማኑ "ንቢቱ" ይሏታል።

ልጄ፣ አርባ አንድ ዓመት ዘይት ጨምቄ የኖርኩ ሰው ነኝ። ዘይትና ውኃ አንድ ዕቃ ውስጥ አድረው እንደማይስማሙ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ደም ደግሞ ውኃ ነው። ቤት ገብቼ ስጸልይ እንኳ ቃሉ በአፌ፣ ልቤ ግን ከረጢቱ ላይ ነበር። አንቺ እዚያ በሆስፒታል መድኃኒት ቤት ነው የምትሠሪው፤ የምታውቂውን ንገሪኝ። እኔ ራሴ ሳላምን እናትሽን "አይዞሽ" ማለት አቃተኝ።

አጎትሽ

*

ኅዳር 16 ቀን

ለምወድዎ አጎቴ፤

ፈጣሪ ጉልበትዎን ከደረጃው ያስታርቅልኝ። በሩቅ ሆኜ እጅዎን ስሜያለሁ። ደብዳቤዎን ልብስ መቀየሪያ ክፍላችን ውስጥ ቆሜ አነበብኩት፤ ሁለት ጊዜ።

አንድ ነገር ሳልነግራችሁ ኖሬያለሁ። "መድኃኒት ቤት" እያልኩ የማሳጥረው ሥራዬ ይኸው ራሱ ነው። ያለ ጊዜያቸው ለተወለዱ ሕፃናት ያንን ነጭ ምግብ የምቀምመው እኔ ነኝ። ከመስታወት በስተጀርባ፣ ከዓይኔ በቀር ሁለመናዬን ተሸፍኜ፣ በቀን አሥራ ስድስት አሥራ ሰባት ከረጢት አዘጋጃለሁ። ልጆቹን ግን አይቻቸው አላውቅም። የማውቀው ክብደታቸውን ነው።

እርስዎ ያሉት ልክ ነው፤ ዘይትና ውኃ አይስማሙም። ስለዚህ ያስታርቋቸዋል። የአኩሪ አተር ንጹሕ ዘይት በኃይለኛ መኪና ይደቅና እያንዳንዷ ጠብታ በዓይን የማትታይ ትሆናለች። ከዚያ ከእንቁላል አስኳል የሚወጣ ነገር ያለብሷታል። ይህ ነገር በአንድ ጎኑ ዘይት ይወዳል፣ በሌላው ጎኑ ውኃ ይወዳል። እንደ ጥሩ ሽማግሌ መሐል ገብቶ ያኖራቸዋል። ነጭ የሚመስለው ከጠብታዎቹ ብዛት ነው። ሰው በስኳር ውኃ ብቻ ብዙ አይሰነብትም፤ ስብ ካላገኘ ቆዳው ይላጣል፣ ቁስሉም አይሽርም። የእማዬን ስፌት የሚያጠግገው ያ ያስደነገጠዎት ነገር ነው።

እንግዲህ የእኔ ዓይን እርስዎ ነዎት። ክብደቷን ይጻፉልኝ። ቱቦው የገባበት ቦታ ቀልቶ እንደሆነ ይዩልኝ። ደግሞ ትስቃለች ወይ? እሱንም።

የዓመት ፈቃዴ ገና ስለሆነ መምጣት አልቻልኩም። እግዜር ይይልኝ።

የእህትዎ ልጅ

*

ኅዳር 29 ቀን

ይድረስ ለዓይኔ ማረፊያ፤

እነዚያን ፊታቸውን ያላየሻቸውን ሕፃናት ያሳደገ አምላክ ያንቺንም ቤት በልጅ ይሙላልሽ። ደብዳቤሽን ለእናትሽ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ሽማግሌው ዘይትና ውኃን አስታረቀ የሚለው ጋ ስደርስ "እኔንና አንተንስ ያስታረቀን ማን ነው? በልጅነታችን የተጣላንበት አለ" አለች። እንግዲህ ሳቀች ብለሽ ጻፊልኝ።

ክብደቷ ከአርባ አንድ ኪሎ ወደ አርባ ሁለት ተኩል ወጥቷል። ቱቦው አካባቢ አልቀላም። ጎረቤት አልጋ ላይ ያለችው ባለ ሱቅ "እኔ ሦስቴ እየበላሁ እከሳለሁ፣ ይቺ ተኝታ ትወፍራለች። ሐኪሙ አድልዎ አለበት" እያለች አዳራሹን ታስቀዋለች። እኔም ከረጢቱ ሲመጣ አገላብጬ አያለሁ። ንቢቱ "አባባ ተቆጣጣሪ ሆነው ተቀጠሩ እንዴ?" ትለኛለች።

አንድ ነገር ብቻ ከነከነኝ። ከረጢቱ ከማቀዝቀዣ ነው የሚመጣው። ንቢቱ ቅዝቃዜው እንዲለቀው አንድ ሰዓት ያህል ጠረጴዛ ላይ ታስቀምጠዋለች። ያም ሆኖ ሲጀምር እናትሽ ደረቴን በረደኝ ትላለች፤ ጥርሷ ይንገጫገጫል። ብርድ ልብስ እደርባለሁ። ይህን ሳይ የባለቤቴ፣ የአክስትሽ ነገር ይመጣብኛል። መጨረሻዋ ላይ ሾርባውን ሳቀርብላት አፏን ትዘጋ ነበር። እኔ ደግሞ እቆጣታለሁ። ሾርባው እጄ ላይ ይቀዘቅዛል፣ መልሼ አሞቃለሁ፣ መልሳ አፏን ትዘጋለች። ካረፈች ስድስት ዓመት ሆናት። ቁጣዬ ግን ዛሬም ጆሮዬ ላይ አለ። ለእሷ ያላወቅኩበትን ለእህቴ ላውቅበት ብዬ ነው ከአልጋው ሥር የማልጠፋው።

አጎትሽ

*

ታኅሣሥ 11 ቀን

ለምወድዎ አጎቴ፤

የልብዎን ደግነት የሚመዝን አምላክ ሚዛኑን ያክብድልዎ። አንድ ኪሎ ተኩል ጨመረች የሚለውን ለሥራ ጓደኞቼ ሁሉ ነገርኩ። የማያውቋትን ሴት አጨብጭበውላታል።

ስለ አክስቴ የጻፉትን አነበብኩ። ያን ጊዜ ሰውነቷ ምግብ መቀበል አቁሞ ነበር፤ እርስዎን እንቢ ማለቷ አልነበረም። እኔ ስላልኩዎት እንደማይተዉት አውቃለሁ፤ ግን ልበልዎ።

ስለ ቅዝቃዜው፦ ነርሷ ልክ ናት። ጠረጴዛ ላይ ቆይቶ የክፍሉን አየር ቢላመድ ይበቃል። ሌላ ምንም አያድርጉበት። ደግሞ ተቆጣጣሪ ከሆኑ አይቀር አንዱን ዋና ነገር ልንገርዎ። ከረጢቱ አናት ላይ ቢጫ ቀለበት ካዩ፣ ሽማግሌው አልቻለም፣ ዘይቱ ተለይቶ ወጥቷል ማለት ነው። እንዳይነቀንቁት። ቢነቀንቁት ነጭ ይመስላል፤ መምሰል ብቻ ነው። ትልልቆቹ ጠብታዎች ሳንባ ውስጥ ሄደው የደሙን መንገድ ይዘጋሉ። ወዲያው ነርሷን ይጥሩ፤ ይጣላል። በአንድ ቀን አለመመገብ ሰው አይሞትም።

የእህትዎ ልጅ

*

ታኅሣሥ 24 ቀን

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፤

ደብዳቤሽ ከሦስት ቀን በፊት ደርሶኛል። ከትናንት በስቲያ አንድ ከረጢት ተበላሽቶ ተገኘ። ከተሰቀለ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ የነርሶቹ አለቃ ሜትረኗ ለጉብኝት ስትዞር ላዩ ላይ ቢጫ አይታ አስቆመችው። እናትሽ ተንቀጥቅጣ ነበር፤ ትኩሳትም ያዛት። በማግሥቱ ለቀቃት። አሁን ደህና ናት። ንቢቱ ከክፍሉ ተነሥታለች፤ ነገሩ እየተጣራ ነው ይላሉ። አትጨነቂ።

አጎትሽ

*

ጥር 6 ቀን

ለአጎቴ፤

እግዚአብሔር እማዬን በመዳፉ ይያዝልኝ። ሌላ የምመርቀው ዛሬ የለኝም።

አምስት ጊዜ ደወልኩ፤ አያነሡም። ለመጀመሪያ ጊዜ ምርቃት የሌለው ደብዳቤ ጻፉልኝ። "ተበላሽቶ ተገኘ" ይላሉ። አጎቴ፣ ከረጢት ተቀምጦ ዝም ብሎ አይበላሽም። ወይ በረዶ ሠርቷል፣ ወይ ሞቋል፣ ወይ የማይገባው መድኃኒት ተጨምሮበታል። የእኛ ሥራ እሱን መጠበቅ ነው። ያቺ ነርስ ሳታይ ነው የሰቀለችው። አንድ ጊዜ ብርሃን ላይ ከፍ አድርጎ ማየት የስንት ደቂቃ ሥራ ነው? ንብ ትሁን ቢራቢሮ፣ የሰው ሕይወት በሩጫ አይያዝም።

ለሆስፒታሉ ኃላፊ ጽፌያለሁ። ሙያዬን ጠቅሼ፣ ነርሷ ዳግም ሕመምተኛ አጠገብ መቆም እንደማይገባት ጽፌያለሁ። እዚህ ሆኜ ለእማዬ ሌላ ላደርግላት የምችለው የለም። ከማቀዝቀዣው በስንት ሰዓት ወጣ? የት ተቀመጠ? ማን ነካው? ያዩትን ሁሉ ይጻፉልኝ። እማኝ ነዎት።

የእህትዎ ልጅ

*

ጥር 13 ቀን

አጎቴ፣ ዛሬም ስልክ አላነሡም። እማዬን አነጋግሬያታለሁ፤ "ወንድም ጋሼ ብዙ አይናገርም ዘንድሮ" አለችኝ። ታመዋል? ይጻፉልኝ።

*

ጥር 19 ቀን

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፤

ምርቃት የሚወጣው ከንጹሕ አፍ ነው፤ ስለዚህ ዛሬም እለፊልኝ። አልታመምኩም። ይህን ደብዳቤ ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

ማን ነካው ብለሻል። እኔ ነኝ።

ያን ቀን ንቢቱ እንደ ልማዷ ከረጢቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ሄደች። እናትሽ ገና ስታየው ትከሻዋን ሰበሰበች፤ ብርዱ አስቀድሞ ታወሳት። ከመስኮቱ ሥር ሙቅ ውኃ የሚሄድበት ቧንቧ አለ፤ ሕሙማኑ ካልሲ ያሰጡበታል። እኔ ዘይት አውቃለሁ። በመጭመቂያችን ቤት በብርድ ወራት ዘይት ሲጓጉል ጣሳውን ወደ እሳቱ ቀረብ ታደርጊዋለሽ፤ እንደ ማር ይፈስልሻል። ዘይት ሙቀት ይወዳል። ይህን አርባ አንድ ዓመት አውቄዋለሁ፤ ያንቺ ደብዳቤ ግን ኪሴ ውስጥ ገና አንድ ቀኑ ነበር። ንቢቱ ዘወር ስትል አንስቼ ቧንቧው ላይ አጋደምኩት። አንድ ሰዓት ያህል ነው ያሰብኩት። እናትሽ እንቅልፍ ወሰዳት፣ እኔም ጸሎት ጀመርኩ፣ ንቢቱም ዘገየች፣ ሁለት ሰዓት ሞላ። ስነካው ቧንቧ የነካው ጎኑ እንደ ትኩስ ሻይ ነበር። ሳነሣው አናቱ ላይ ጥፍር የሚያህል ቢጫ ቆሟል።

ልጄ፣ ያየሁትን አውቄው ነበር። አላወቅኩም ብዬ እንዳልዋሽሽ። እንዳይነቀንቁት ያልሽውን ቃል በቃል አስታወስኩት። ያው ግን በዚያ ሳምንት ከረጢት አንሶ እንደነበር ሰምቻለሁ፤ ይህ ከተጣለ የእናትሽ የዛሬ ምግብ ጠፋ፣ ያጠፋሁትም እኔ። የንቢቱ ጫማ በአዳራሹ ጫፍ ሲመጣ ሰማሁ። ናጥኩት። ነጭ ሆነ። ጠረጴዛው ላይ መለስኩት።

ንቢቱ አላየችም ብለሽ ጽፈሻል። አይታለች። ብርሃን ላይ ከፍ አድርጋ፣ አዙራ አይታለች። ነጭ ነበር። ሰቀለችው። እኔ አልጋው እግር ሥር ቁጭ ብዬ ጠብታ ስቆጥር ቆየሁ። ዘይት ወደ ላይ ይወጣል፣ ቱቦው የሚቀዳው ከታች ነው፣ እሷ ጋ አይደርስም እያልኩ ራሴን አጽናናሁ። እዪልኝ፤ እህቴን በመጭመቂያ ቤት ሒሳብ አስያዝኳት። ሜትረኗ ደርሳ መዝጊያውን ባትዘጋው ኖሮ እኔ እዘጋው ነበር ብዬ ልጽፍልሽ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሰርዣለሁ። አላውቀውም። እዘጋው እንደነበር አላውቅም።

ሜትረኗ "ማን ሰቀለው?" አለች። ንቢቱ "እኔ ነኝ፤ አይቼም ነበር" አለች። ወደ እኔ እንኳ አልዞረችም። ለምን ትዞራለች? እኔም ዝም አልኩ። አንድ ቀን ዝም ያልሽውን በማግሥቱ ለመናገር እጥፍ ጉልበት ይፈልጋል። ያንቺ ክስ ሲደርስ ደግሞ "ከውጭ አገር ባለሙያ ጽፋለች" ተብሎ ነገሩ ከበደ። ነገ ጉባኤ ተቀምጦ ሊያሰናብታት እንደሆነ የጽዳት ሠራተኛዋ ዛሬ ጧት ነገረችኝ። እስከዚያው አንሶላ ማጠፊያ ክፍል አድርገዋታል።

ወረድኩ። ምን እንደምል ሳላውቅ ነው የወረድኩት። ንቢቱ ከአንሶላ ክምር ፊት ቆማለች። ቆማ አይቻት አላውቅም ነበር። ገና ስታየኝ "አባባ፣ እህትዎ እንዴት ናት? ትኩሳቱ ተመለሰባት?" አለች። ደህና ናት አልኳት። ያች የለመድኳት ቃል። ከዚያ እጇን አንሶላው ላይ አድርጋ፣ እንዲህ አለች፦

"እኔን የሚገርመኝ ማባረራቸው አይደለም። ነጭ ነበር። በዚህ ዓይኔ አይቼዋለሁ። ነጭ ካልነበረ ግን ከእንግዲህ ምን አይቼ ልስቀል?"

ልጄ፣ ሥራዋን ብቻ የወሰድኩባት መስሎኝ ነበር። ዓይኗንም ወስጄባታለሁ።

"ነጭ ነበር ልጄ፤ ዓይንሽ ደህና ነው" አልኳት። "ነጭ ያስመሰልኩት እኔ ነኝ።"

ሁሉንም ነገርኳት። እየሰማችኝ ሁለት አንሶላ አጠፈች፤ ጠርዙን ከጠርዝ እያጋጠመች። ሦስተኛውን አላነሣችም። "ይምጡ" ብላ ቀደመችኝ።

ሜትረኗ ወረቀት ሰጥታ በእጄ አስጻፈችኝ። ስንት ሰዓት ሞቀ፣ ቢጫው ምን ያህል ነበር፣ ስንት ጊዜ ነቀነቁት። ስድስተኛ ክፍል የተማርኩት ጽሕፈት ለዚህ ኖሯል። አንብባ ስትጨርስ "ክፉ ያሰበን ሰው እንጠነቀቀዋለን፤ ደግ ካሰበ ሰው ግን ማን ይጠብቀን?" አለች። ከዛሬ ጀምሮ አስታማሚ መሆኔ ቀርቷል። እንደ ማንኛውም ጠያቂ በጉብኝት ሰዓት እገባለሁ፤ ምንም ነገር አልነካም። ከንፈሯን በጥጥ የሚያብስላት ሌላ ሰው ነው።

የጉባኤው ነገር ነገ ይታወቃል። ወረቀቴ ከፊታቸው አለ፤ ያንቺም ክስ አለ። ያንቺን የምታነሺው አንቺ ነሽ። ይቅርታ ልጠይቅሽ አልደፈርኩም። አንብበሽ የመሰለሽን ጻፊልኝ፤ ባትጽፊም አልፈርድብሽም።

አጎትሽ

*

ጥር 30 ቀን

ለአጎቴ፤

ሁለት ቀን ተቆጥቼ ነበር፤ አልደብቅዎትም። ደብዳቤውን አጥፌ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት፤ ሥራ ሄድኩ፣ መጣሁ፣ አልከፈትኩትም። በሦስተኛው ቀን ከመስታወቱ ጀርባ ቁጭ ብዬ፣ አንድ ኪሎ ከሁለት መቶ ግራም ለሆነች ልጅ ከረጢት እያዘጋጀሁ ሳለ እርስዎ ታዩኝ። እኔ ለማላውቃት ልጅ ይህን ያህል እጠነቀቃለሁ። መጽሐፉ አለኝ፣ መኪናው አለኝ፣ የሚያርመኝ ሰው ጎኔ አለ። እርስዎ ግን ለሚወዷት እህትዎ ያለዎት የመጭመቂያ ቤት ዕውቀትና አንድ ቧንቧ ነበር። ትክክል አድርገዋል አልልም። አላደረጉም። ግን ሙቀቱን ከየት እንዳመጡት አውቄዋለሁ።

ማወቅ የሚገባዎት አለ። በቱቦው መሐል ትንሽ ወንፊት አለ፤ ትልልቆቹን ጠብታዎች የሚያስቀረው እሱ ነው። የእርስዎም ሒሳብ ሙሉ በሙሉ ስሕተት አይደለም፤ ዘይቱ ላይ ላዩን ስለሆነ መጀመሪያ የወረደው ውኃው ነው። ሁለቱ ተደጋግፈው አትርፈዋታል። ይህን የምጽፈው እንዲቀልልዎ ነው፤ እንዲረሱት አይደለም።

ክሱን አንስቻለሁ። ደብዳቤ ጽፌ፣ በስልክም ኃላፊውን አነጋግሬ፣ የማላውቃትን ሴት ባላየሁት ነገር መክሰሴን ነገርኩት። ለነርሷም ለብቻዋ ጻፍኩላት። እሷ ከረጢቱን ብርሃን ላይ አይታዋለች፤ እኔ ግን እሷን ሳላይ ነው የፈረድኩት።

ቁጣዬ ከየት እንደመጣ ደግሞ ልንገርዎ። ፈቃዴ ገና ነው ብዬዎት ነበር። ከልክለውኝ አይደለም፤ አልጠየቅኩም። የሌላ ሰው ልጆችን ከረጢት ስሞላ እጄ አይንቀጠቀጥም። እናቴ ላይ ተሰቅሎ ማየት ግን ፈራሁ። እርስዎን አልጋው ሥር ትቼ እኔ ክስ ጻፍኩ። ዛሬ ጠዋት ጠይቄአለሁ፤ በመጋቢት ይሰጡኛል።

እጅዎን ስሜያለሁ። ዛሬም ያው የምስመው እጅዎ ነው።

የእህትዎ ልጅ

*

የካቲት 12 ቀን

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፤

የእውነትን መንገድ ለሚፈሩ ሰዎች ቀስ ብሎ የሚያሳይ አምላክ ይክበር፤ አንቺንም በሰላም ያምጣልኝ። ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ጀምሮ እየደጋገምኩ ነው የማነበው። አንዳንዱን መስመር ለራሴ አነባለሁ፣ አንዳንዱን ለአክስትሽ።

ጉባኤው ያንቺ መልስ እስኪመጣ ውሳኔውን አቆይቶ ነበር፤ አሁን ንቢቱ ወደ ክፍሏ ተመልሳለች። ሦስት ቀን በአጠገቤ ስታልፍ ሰላም አላለችኝም። መብቷ ነው። በጉብኝት ሰዓት ገብቼ እናትሽ አጠገብ እቀመጣለሁ፤ እጆቼን የማደርግበት አጥቼ ጉልበቴ ላይ አስቀምጣቸዋለሁ። ባለ ሱቋ "ምነው አባባ፣ ፎቶ ሊነሡ ነው?" ትለኛለች።

ትናንት ለእናትሽ ልነግራት ቆረጥኩ። ሁሉም ያውቅ ነበር፤ ከእሷ በቀር። ገና "ያን ቀን ከረጢቱን" ስል እጇን አነሣች።

"ስትንጠው አይቼሃለሁ" አለች።

ተኝታ አልነበረም ማለት ነው፤ ወይ ነቅታለች። ለምን ዝም እንዳለች ጠየቅኳት። ቢያውቁ እኔን ከአጠገቧ ያባርሩኛል ብላ እንደፈራች ነገረችኝ። ከረጢቱ ሲሰቀል አየች፣ ቢጫው እንዳለበት አላወቀችም፣ አንድ ነገር እንደሆነ ግን ፊቴ ላይ አንብባ ነበር። ንቢቱን ሲያነሷት ደግሞ ሁለታችንም፣ እኔ አልጋው እግር ሥር፣ እሷ አልጋው ላይ፣ በየፊናችን ዝም ብለን ከረምን። ለእኔ ብላ መርዝ ሊሆን የሚችል ነገር በደረቷ አስገብታ ዝም ያለች እህት አለችኝ። ይህን ምን ብዬ እንደምጸልይበት ገና አላወቅኩም።

"ያንተን ተናገርክ፤ የእኔ ቀርቷል። ጥራልኝ" አለች።

ንቢቱን ጠራሁ። ከረጢቱን ይዛ መጣች፤ ሰዓቱ ነበር። እናትሽ ተኝታ እያለች፣ ቀና ለማለት እየሞከረች ነገረቻት። ንቢቱ ከረጢቱን በክንዷ እንደ ሕፃን ታቅፋ ሰማቻት። ከዚያ ወደ እሷ አየች፣ ወደ እኔ አየች።

"እናንተ ቤት ዝምታ በዘር ነው እንዴ?" አለች። "ደብዳቤ የምትጽፈዋም የእናንተ ናት አሉ። እሷ ደግሞ ስትናገር ባሕር ተሻግራ ነው።"

ባለ ሱቋ ከጎን ሳቀች። እናትሽም ሳቀች፤ ስፌቷን ይዛ። እኔ ግን አልቻልኩም። ዓይኔ ሞላ፤ ወደ መስኮቱ ዞርኩ።

ንቢቱ ከረጢቱን ወደ ብርሃኑ ከፍ አደረገችው። አዞረችው። ልትሰቅለው እጇን ከዘረጋች በኋላ ቆም አለችና "አባባ፣ ይምጡ" አለችኝ። እጄን እንዳላነሣ ከጀርባዬ አቆራኝቼ ቀረብኩ። አናቱን አየሁ፤ ጠርዙን፣ ስፌቱን፣ ከታች ቱቦው የሚገባበትን አየሁ። ቸኩያለሁ አላለችም። እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

"ምን ያያሉ?"

"ነጭ ነው" አልኩ።

"እኔም ነጭ ነው ያየሁት" አለችና ሰቀለችው።

አጎትሽ